ከሱሉልታ እስከ ሙገር አፋፍ፦ ለሞተር ጂፒኤስ ስትመርጥ ከካርታው ጀምር

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው።

«ጋሼ፣ የምኖረው ሱሉልታ ነው። 125 ሲሲ ያማሃ ሞተር አለኝ። ቅዳሜና እሁድ ከአስፋልት ወጣ ብዬ መንዳት እወዳለሁ። እንጦጦ ላይ፣ ከሰንዳፋ ጀርባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ ደርባና ወደ ሙገር አፋፍ። ችግሬ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ባዶ መሆኑ ነው። እህቴ ለገና ከአሜሪካ ስለምትመጣ ዝርዝር ካርታ ያለው ጂፒኤስ አምጪልኝ ብያታለሁ። ሞንታና 700አይ፣ ዙሞ ኤክስቲ ወይስ ትንሹ ኢትሬክስ? ወይስ ስልክ ይበቃኛል? አባቴ የተወው፣ የካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተመው አንድ ለ50,000 የወረቀት ካርታም ቤት አለ። ከጂፒኤሱ ጋር አብሮ ይሠራል ወይ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉም በፊት ለእህትህ ደውልላት። ሞንታና 700አይ እንዳትገዛ። የጠቀስካቸውን ሦስቱንም የሚሠራው ጋርሚን የሚባል ኩባንያ ነው። ከቁጥሩ ኋላ «አይ» የሚል ፊደል ያለበት የጋርሚን መሣሪያ ቦታህን አሳይቶ ብቻ አይቆምም። በኢሪዲየም ሳተላይት መልእክት ይልካል፣ ይቀበላልም። 750አይ፣ ጂፒኤስማፕ 66አይ እና 67አይም እንደዚሁ ናቸው። የሳተላይት መገናኛ ወደ አገራችን ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ሳይኖር ቦሌ ላይ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ እህትህም ትጉላላለች፣ አንተም ዕቃህን ልታጣ ትችላለህ። ተራው ጂፒኤስ ግን እንደ ሬዲዮ ነው፤ ከላይ የሚመጣውን ይሰማል እንጂ አይናገርም። እሱንም ቢሆን ደረሰኙን ይዛ፣ ሲጠይቋት ምን እንደሆነ በግልጽ ትናገር። ከመግዛቷ በፊት አንተ እዚህ ጉምሩክ ብትጠይቅ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። አንተ የጀመርከው ከመሣሪያው ነው። እኔ ሥራዬ ቅየሳ ስለሆነ ሁልጊዜ ከካርታው ነው የምጀምረው፤ አንተም እንደዚያ ብታደርግ ደስ ይለኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከአሜሪካ የሚገዛ መሣሪያ ይዞ የሚመጣው የአሜሪካን ዝርዝር ካርታ ነው። ሱሉልታ ላይ ስትከፍተው የምታየው ቤዝማፕ የሚባለውን ሳሳ ያለ ካርታ ብቻ ይሆናል። ዋና ዋና መንገድ፣ የትልልቅ ከተሞች ስም፣ ሐይቅ፣ አለቀ። የጎጃም መንገድ አንድ ቀጭን መስመር ሆኖ ያልፋል። ከሱ ግራና ቀኝ ነጭ ባዶ ነው። አንተ ልትነዳበት የምትፈልገው ደግሞ እዚያ ባዶው ውስጥ ነው።

ስለዚህ «የትኛው ጂፒኤስ ዝርዝር ካርታ አለው?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ አካባቢ ብዙም አይረዳም። መጠየቅ ያለበት «የትኛው ጂፒኤስ እኔ የምጭንለትን ካርታ ይቀበላል?» ነው። ለሞተር ጋርሚንን ከሌሎቹ የማስቀድመውም በዚህ ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተጀመረውና ማንም ሰው የሚያርመው የዓለም ካርታ አለ። በጎ ፈቃደኞች እሱን ጋርሚን ወደሚያነበው ፋይል እየቀየሩ በነፃ ይለቁታል። ኢትዮጵያን መርጠህ ታወርዳለህ፣ ሚሞሪ ካርድ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «Garmin» የሚል ፎልደር ከፍተህ ትከታለህ፣ መሣሪያው ውስጥ ታስገባለህ። ከዚያ ካርታ መምረጫው ውስጥ ገብተህ አዲሱን ታበራለህ፣ ቤዝማፑን ታጠፋለህ። ሁለቱ አንድ ላይ ከበሩ መስመሮቹ እየተደራረቡ ያምታቱሃል። በክፍያ ከሚገኙት ደግሞ ትራክስ ፎር አፍሪካ የሚባለው በአፍሪካ በመኪና ለሚዞሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ ኢትዮጵያንም ይሸፍናል። ወደ ኦሞ ወይም ወደ አፋር ለመውረድ ካሰብክ ጥሩ ነው። ለሱሉልታ ዙሪያ ግን ነፃው ይበቃል።

ነፃው ካርታ ምን ያህል እውነት ይናገራል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ጉዳት ላይ የሚወድቀው እዚህ ነውና።

ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ ጫንጮ ድረስ ሂድ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈህ የደርባን መንገድ ያዝ። ሜዳው ላይ እያለህ ስክሪኑን ብታየው ኮንቱሮቹ፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙት መስመሮች፣ ተራርቀው ተኝተዋል። ወደ ሙገር አፋፍ ስትጠጋ መቀራረብ ይጀምራሉ። አፋፉ ላይ ተጣብቀው አንድ ወፍራም ቡናማ መቀነት ይሆናሉ። ያንን ቡናማ የሚያቋርጥ ነጠብጣብ መስመር ታያለህ። መሣሪያው መንገድ ነው ይልሃል። እውነቱን ነው፣ መንገድ ነው። ግን የአህያና የሰው መንገድ ነው። ገበያተኛ ጭነት ይዞ ይወጣበታል፤ 125 ሞተር ይዘህ ከወረድክ ግን መልሰህ የምታወጣው በገመድና በሰው ጉልበት ነው።

እንዴት አስቀድመህ ታውቃለህ? መስመር ቁጠር። ካርታህ በየ20 ሜትሩ ኮንቱር ካለው፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 10 መስመር ስታቋርጥ 200 ሜትር ወርደሃል ማለት ነው። ያ 20 በመቶ ቁልቁለት ነው። ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ይሞከራል። ልቅ ድንጋይ ላይ ግን እኔ አልመክርም፣ በተለይ ብቻህን ከሆንክ። ከዚያ በላይ ከተጠጋጋ ሞተርህን አፋፉ ላይ ለሚጠብቅልህ ሰው ሰጥተህ በእግርህ ውረድ።

ኮንቱሩ ራሱም ወሰን አለው። አብዛኞቹ ነፃ ካርታዎች ከፍታውን የሚወስዱት በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በራዳር ከለካው መረጃ ነው። ልኬቱ በግምት በየ30 ሜትሩ አንድ ነጥብ ነው። ሁለት ነጥቦች መካከል ቀጥ ያለ ገደል ካለ ካርታው ተዳፋት አስመስሎ ያለዝበዋል። ስለዚህ አፋፍ ላይ ኮንቱሩ «ይቻላል» ቢልህም ከሞተር ውረድና በዓይንህ እይ።

ሌላው፣ ካርታ ክረምትና በጋ አያውቅም። በታኅሣሥ እንደ አስፋልት የነዳህበት የሱሉልታ ሜዳ በሐምሌ መረሬ ነው። ጥቁሩ አፈር ከጎማና ከመከላከያው መካከል ገብቶ ይሞላና ጎማው መዞር ያቆማል። ሞተሩ ሳይጠፋ አንተ ቆመሃል። የበጋ መሻገሪያ የነበረ ጅረትም ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲወርድ ወንዝ ይሆናል። መሣሪያው ግን በሁለቱም ወቅት ያንኑ መስመር ነው የሚያሳይህ። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ሳገኝ ነጥብ አድርጌ እመዘግበውና ስሙ ላይ «በጋ ብቻ» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለትና ሦስት ዓመት እንደዚህ ስታደርግ ማንም ሊሸጥልህ የማይችል የራስህ ካርታ ይኖርሃል።

ስለ ስም ፍለጋም ልንገርህ። አካባቢያችን ያሉ ቀበሌዎችና ገበያዎች ስማቸው በላቲን ፊደል ሲጻፍ አራት አምስት ዓይነት ነው። አንዱ በአማርኛ አነባበብ ይጽፈዋል፣ ሌላው በኦሮምኛ፣ ሌላው በጆሮው እንደሰማው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ አብዛኞቹ የእጅ ጂፒኤሶች አያነቡም። ስለዚህ መድረሻህን በስም ከመፈለግ ቤትህ ሆነህ በካርታ ላይ ነጥቡን አስቀምጥ፣ አንተ በሚገባህ ስም ሰይመው፣ ከዚያ ውጣ።

እስከዚያው ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርግ። ያረጀ አንድሮይድ ስልክ ካለህ ኦስምአንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የካርታ መተግበሪያ ጫንበት፣ ዋይፋይ ባለበት የኢትዮጵያን ካርታ ሙሉውን አውርድ። ያ ነው አሁን ያለብህን ችግር የሚፈታው። ካርታህ ባዶ የሚሆነው ጂፒኤሱ ስለጠፋ አይደለም፤ ካርታው ከኢንተርኔት እየተጎተተ ስለሚመጣ ነው። ጂፒኤስ ራሱ ኔትወርክ አይፈልግም። ሲም ካርድ የሌለው ስልክም ቦታህን ያሳይሃል። ኦስምአንድ የመንገዱን ዓይነት በደንብ ይለያል። ኮንቱሩ ግን በሚከፈልበት በኩል ነው ያለው። ኦርጋኒክ ማፕስ ኮንቱርን በነፃ ያሳያል፣ ቅንብሩ ግን ጥቂት ነው። ሁለቱንም ሞክራቸው።

ታዲያ ስልክ ይበቃል ወይ? ለጀማሪ ይበቃል። ለደርባ መንገድ ግን ብዙ አላምነውም። አንደኛ፣ የሞተር ንዝረት የስልክ ካሜራ ይጎዳል። አፕል ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. አይፎንን ሞተር ሳይክል መሪ ላይ ማሰር ካሜራውን ሊያበላሽ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ሁለተኛ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለው የቀትር ፀሐይ ስልኩን ያግለዋል። ስልኩ ራሱን ለማዳን ስክሪኑን ያደበዝዛል። ልክ ማየት በምትፈልግበት ሰዓት ጥቁር መስታወት ታያለህ። ሦስተኛ፣ ዝናብ ሲያርፍበት ስክሪኑ ጣትህንና ጠብታውን አይለይም፤ ካርታው ብቻውን ይንሸራተታል፣ ይሰፋል፣ ይጠባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ብትወድቅ ሰው የምትጠራው በስልክህ ነው። መሪ ላይ የታሰረ ስልክ ደግሞ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይወድቃል። ዋናው ስልክህ ሰውነትህ ላይ፣ በደረት ኪስ፣ ቻርጅ ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ። መሪ ላይ የሚታሰረው ሌላ ዕቃ ይሁን። በዚህ ላይ እባክህ አትደራደር።

አሁን ከሦስቱ መሣሪያዎች። ምርጫዬን በቀጥታ ልንገርህ፦ «አይ» የሌለው ሞንታና 700።

ለምን? ስክሪኑ 5 ኢንች ነው፣ ጓንት ይቀበላል። የፀሐይ ብርሃን ሲመታው መልሶ እያንፀባረቀ ይነበባል፤ ስለዚህ ቀትር ላይ የጀርባ መብራቱን ብዙ አይፈልግም። ባትሪው ከሞተሩ ተነቅሎም እስከ 18 ሰዓት ይሄዳል ብሎ አምራቹ ያስቀምጣል። ይህ ለአንተ ትልቅ ነገር ነው። አፋፉ ላይ ሞተርህን ትተህ በእግር ስትወርድ ነቅለህ በእጅህ ትይዘዋለህ። ከሁሉም በላይ የተሠራው ለሜዳ ሥራ ስለሆነ ትራክ መከተል ለሱ ዋና ሥራው ነው። ትራክ ስልህ፣ አንተ ወይም ሌላ ሰው ቀድሞ የሄደበትን ዱካ ማለቴ ነው። መሣሪያው «እዚህ ታጠፍ» አይልህም፤ ዱካውን ያሳይሃል፣ አንተ ትከተለዋለህ። ከአስፋልት ውጭ የሚያስተማምነው ይህ ብቻ ነው። መሣሪያው በራሱ መንገድ እንዲያሰላልህ ከጠየቅከው ገበሬ በእርሻው መካከል የሚሄድበትን መንገድ እንደ አቋራጭ ይቆጥረዋል።

ችግሩ ዋጋው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 600 ዶላር ነበር። የሞተር መያዣውና የኃይል ገመዱም ለብቻ ነው የሚሸጠው፤ እህትህ ይህን ካላወቀች መሣሪያውን ብቻ ይዛ ትመጣለች። ያገለገለ ብታገኝ አይከፋም። የቻርጀር ቀዳዳው እንዳልላላ፣ ስክሪኑ ዳርና ዳር እኩል እንደሚሠራ፣ የባትሪ ክዳኑ እንዳላበጠ ታረጋግጥ። መለዋወጫ ባትሪ ካለም ሊቲየም ስለሆነ በእጅ ሻንጣ ትያዘው፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

ዙሞ ኤክስቲ መጥፎ አይደለም። ስክሪኑ 5.5 ኢንች ነው፣ በጣም ያበራል፣ የምስሉ ጥራትም ከሞንታና ይበልጣል። የሞተር መያዣውና ገመዱ ካርቶኑ ውስጥ አሉ። በ500 ዶላር ነበር የወጣው። ኦፕን ስትሪት ማፕንም ይቀበላል። ነገር ግን ከሞተሩ ሲነቀል ባትሪው ቢበዛ 6 ሰዓት ነው፣ መብራቱ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ግማሹ። አስተሳሰቡም የመንገድ ነው፤ መታጠፊያ እየነገረ ሊመራህ ይፈልጋል። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ጅማ በአስፋልት የምትጓዝ ብትሆን እሱን እመርጥልህ ነበር። እህትህ ገዝታው ከሆነም አትመልሰው፣ ትራክ መከተል ይችላል።

ኢትሬክስ 22ኤክስ ርካሽ ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 200 ዶላር አካባቢ ነበር። በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት ይሠራል። ግን ስክሪኑ 2.2 ኢንች ነው። ኮረኮንች ላይ እየተንቀጠቀጥክ 2.2 ኢንች ማንበብ ማለት ከመንገዱ ላይ ዓይንህን ረጅም ጊዜ ማንሳት ማለት ነው። ለእግረኛ ይሁን፣ ወይም ቦርሳ ውስጥ ለመጠባበቂያ። ድንጋዩን ግን ከየሱቁ ርካሹን አትግዛ፣ ቶሎ ያልቃል። የሚሞላውን ዓይነት ያዝ። ገንዘቡ ለሞንታና ካልደረሰ ከኢትሬክስ ይልቅ ጂፒኤስማፕ 65ኤስን ወይም 66ኤስን እይ። በቁልፍ ነው የሚሠሩት፤ ጓንትህ ጭቃ ሆኖም ትጫናቸዋለህ። 65ኤስ ሳተላይቱን በሁለት ፍሪኩዌንሲ ስለሚቀበል ገደል ሥርና እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ የተሻለ ይይዛል።

ስለ ቦታ ትክክለኛነት ግን ብዙ አትጨነቅ። ክፍት ሜዳ ላይ ማንኛውም ደህና ጂፒኤስ በጥቂት ሜትር ውስጥ ያስቀምጥሃል። የካርታው መስመር ራሱ ከሳተላይት ፎቶ ላይ በእጅ የተሳለ ነው፤ ተራራማ ቦታ ፎቶው በብዙ ሜትር ሊንሸራተት ይችላል። ከመስመሩ አሥር ሜትር ወጣ ብለህ ብትታይ ተሳስተሃል ማለት አይደለም። መስመሩና አንተ ጎን ለጎን መሄዳችሁን ተመልከት። መራራቅ ከጀመራችሁ ያኔ ቁም።

አሁን ወደ አባትህ ወረቀት። በክብር አስቀምጠው፣ ውድ ነገር ነው። አንድ ለ50,000 ማለት ሁለት ሴንቲ ሜትሩ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። የመሬቱን ቅርጽ፣ የገደሉን አፋፍና የወንዙን አካሄድ የሳሉት ሥራቸውን የሚያውቁ ባለሙያዎች ናቸው። በብዙ ቦታ ከነፃው የራዳር ኮንቱር የተሻለ ነው። መንገዱና መንደሩ ግን ተለውጧል፤ ሱሉልታ ራሷ ያኔ የነበረችው ሱሉልታ አይደለችም።

አንድ ከባድ ወጥመድ አለው። ወረቀቱ ላይ ያለው የኪሎ ሜትር መረብ የተሰላው አዲንዳን በሚባል ዳተም ነው። ጂፒኤስህ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሠራው ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው ነው። ዳተም ማለት ልኬቱ ሁሉ የሚነሳበት መሠረት ነው። ሁለቱ መሠረቶች ስለማይገጥሙ ከወረቀቱ ያነበብከውን ቁጥር እንዳለ ብትከተው በአካባቢያችን ከ200 ሜትር በላይ ትስታለህ። ሜዳ ላይ 200 ሜትር ምንም አይደለም። አፋፍ ላይ ግን ከላይና ከታች ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የጋርሚን የእጅ መሣሪያዎች ውስጥ የቦታ አጻጻፍ የሚለው ቅንብር ጋ ገብተህ ዩቲኤምን፣ ማለትም ቦታን በወረቀቱ ዓይነት የኪሎ ሜትር መረብ የሚጽፈውን፣ ምረጥ፣ ዳተሙን አዲንዳን አድርግ። የእኛ አካባቢ ዞን 37 ነው። ወረቀቱ ግርጌ የተጻፈውን አንብበህ አመሳክር። ሥራህን ስትጨርስ ወደ ደብልዩጂኤስ 84 መልሰው፤ ካልመለስከው ለጓደኛህ የምትልከው ቁጥር ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል።

ቁጥር ስንል፣ የዲግሪ አጻጻፍም ሰው ያሳስታል። 9.05 ዲግሪና 9 ዲግሪ ከ05 ደቂቃ አንድ አይደሉም። በሁለቱ መካከል ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ልዩነት አለ። ከጓደኞችህ ጋር በአንድ ዓይነት ተስማሙ። እኔ በአሥርዮሽ ዲግሪ መጻፉን እመርጣለሁ፤ ስልክም ጂፒኤስም በቀላሉ ይቀበለዋል።

መሣሪያው እጅህ ሲገባ መጀመሪያ ክፍት ሜዳ ላይ አስቀምጠህ 15 ደቂቃ ያህል ተወው። ከሌላ አህጉር ስለመጣ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ ከአዲስ መማር አለበት፤ ሙሉው ዝርዝር ከሳተላይት ለመውረድ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ከዚያ ቅንብር ውስጥ «መንገድ ላይ ተጣበቅ» የሚል ትርጉም ያለው አማራጭ አለ፣ አጥፋው። እሱ ከበራ መሣሪያው ቦታህን ወስዶ በሚያውቀው ቅርብ መንገድ ላይ ይለጥፈዋል። አንተ በሌላ ጥርጊያ እየሄድክ ስክሪኑ ትክክል ነህ ይልሃል። ለከተማ ይጠቅማል፣ ለእኛ አደገኛ ነው። የዱካ ምዝገባውን ሁልጊዜ እንዲበራ አድርገው። ስትጠፋ የሚመልስህ እሱ ነው፤ የመጣህበትን ዱካ ወደኋላ ትከተላለህ።

የመሣሪያውን ኃይል ከሞተሩ ባትሪ ቀጥታ ስታወጣ በፖዘቲቩ አጠገብ ፊውዝ ይግባበት። ፊውዝ የሌለው ገመድ መሪው ሥር ሲፈገፈግ ተልጦ ሞተር ያቃጥላል። ቁልፍ ስታጠፋ አብሮ እንዲጠፋ የሚያደርግ ኤሌክትሪሺያን ፈልግ፣ ካልሆነ ጠዋት ሞተርህ አይነሳም። መያዣውን መሪው መሀል ላይ እሰር፤ ዳር ላይ ከሆነ ሞተሩ ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እሱ ነው። በተጨማሪ በቀጭን ገመድ አያይዘው።

አንድ ልመና ደግሞ አለኝ። ካርታው ላይ መስመር ስላለ ብቻ አትግባ። በእርሻ መካከል ያለ መንገድ የሰው ጓሮ ነው። አውድማ ሲዘጋጅ፣ ቡቃያ ሲወጣ፣ ከብት ሲነዳ ሞተር አጥፍተህ ቁም፣ ሰላም በል፣ ጠይቅ። ገበሬው «በዚህ በኩል አይወጣም» ካለህ መሣሪያህ ምንም ቢል እሱን ስማ። እንደ ሱባ ያለ ጥብቅ ደን ወይም የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ደግሞ ሳይፈቀድልህ ጎማ አታስገባ። ዱካህን ለሌሎች ስታካፍልም የሰው እርሻ ያቋረጥክበትን ቆርጠህ አውጣ፤ ያንተ አንድ ዱካ ነገ የሃያ ሞተር መንገድ ይሆናል።

ለመጀመሪያው የደርባ ጉዞህ እንዲህ አድርግ። ዓርብ ማታ በሳተላይት ፎቶ ላይ መንገዱን ተከትለህ ትራክ ሳል፣ ጂፒኤክስ በሚባለው የዱካ ፋይል አስቀምጥና መሣሪያው ላይ ጫን። ነዳጅ የምትሞላበትን፣ ድልድዩንና አፋፉን ነጥብ አድርግ። የአካባቢው ሁኔታ ሰላም መሆኑን እዚያ ያለ ሰው ደውለህ ጠይቅ። መታወቂያህንና ሊብሬህን ያዝ፤ ኬላ ላይ ስለ መሣሪያው ከጠየቁህ አብርተህ ካርታውን አሳያቸው። ትራኩን ለወንድምህ ወይም ለጎረቤት ላክለት፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለስም ንገረው። መሣሪያው 18:00 ሲል የእኛ 12 ሰዓት ነው። በገና ሰሞን ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። ስለዚህ የትም ብትሆን 9 ሰዓት ላይ ፊትህን ወደ ጫንጮ አዙር።